ሙሾ ለአንድ ድምፅና ለአራት አውታር

መስከረም 26፣ 2018፣ ገዳሪፍ

ግምገማው ወጣ። ሁዜይፋ ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ ኢንተርኔቱ ሳይሄድብኝ በችኮላ አነበብኩት። የሃምቡርጉ ሃያሲ እዚያ ስለቀረበው ኳርቴቴ፣ ለአራት ባለአውታር መሣሪያ ስለጻፍኩት ሥራ፣ እንዲህ ብሏል፦ «የእናትየዋ ድምፅ ሲገባ የአራቱ አውታሮች ሥጋ ተገፎ አጥንታቸው ይቀራል። ይህን ሥራ ሰምቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው እንደ አመጣጡ አይመለስም።» ስሜንም አስተካክሎ ጽፎታል።

እዚህ ለመድረስ የቀመስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። የመጀመሪያው ሥራዬ ካርቱም ሲቀርብ ጋዜጣው «የትጉህ ተማሪ ልምምድ» አለው። ሁለተኛውን ካይሮ ላይ «ለጆሮ የተላከ ቅጣት» አሉት። ስለ ሦስተኛው ማንም ምንም አላለም፤ ከሁሉ የመረረኝ እሱ ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ቤቴን ከነኖታዬ፣ ከነፒያኖዬ አነደደው። በከብት መኪና ተጭኜ ወደ ተወለድኩባት ገዳሪፍ፣ አክስቴ የሺመቤት ቤት ተመለስኩ። አርባ ዓመት ሞልቶኛል። ዛሬ ሰው አወቀኝ፤ ደስ ብሎኛል፤ አላፍርበትም።

አክስቴ ፉል ቤቷን ዘግታ ስትገባ እየተረጎምኩ አነበብኩላት።

«አጥንት ማለቱ ስድብ ነው ምስጋና?» አለች።

«ምስጋና ነው።»

«እናኑ ታውቃለች?»

ጫማዋን አውልቃ ወደ ውስጥ ገባች።

መስከረም 28

የአክስቴ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የሃምቡርጉ ፕሮግራም «እናኑ የተባሉ እናት የልጃቸውን ሙሾ ለዓለም አበረከቱ» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ ነበር?

የካቲት ላይ ያረጋል ሲገደል ከአክስቴ ጋር ዶካ ለቅሶ ሄድኩ። ሁለት ሰሊጥ አጫጆች በወሰን ተጣልተው ነው፤ ጋረደው የሚባለው ያረጋልን በገጀራ አንገቱን አለው። እናቱ እናኑ መሬት ላይ ተቀምጣ ሙሾ ስታወርድ ስልኬ ነጠላዬ ውስጥ ነበር። መደበቄ አይደለም። ለቅሶ ቤት ስልክ በእጅ ይዞ መቀመጥ ነውር ስለሆነ ነው።

እንደዚያ ያለ ድምፅ በሕይወቴ አልሰማሁም። ቃናው መሀል ላይ ተሰብሮ ይወርድና ከማይጠበቅ ቦታ ይነሳል። ያንን መስማት የሚችል ጆሮ እዚያ ለቅሶ ላይ የኔ ብቻ ነበር።

ጥቅምት 2

ተናድጃለሁ።

ሁዜይፋ ካርቱም አብሮኝ ቫዮሊን ያስተምር የነበረ ሰው ነው። አሁን ሱቅ ከፍቶ ስልክ ይጠግናል፤ ኢንተርኔት ያከራያል፤ ለሰሊጥ አጨዳ ለሚመጡት ዘፈን በሚሞሪ ይጭናል። ዛሬ ሳልፍ ጠራኝና እየሳቀ፣

«ወላሂ ትሁት፣ ከዚህ እስከ ገላባት ያንቺን ሥራ ያልያዘ ስልክ የለም። አጫጆቹ ከሰፈር ሰፈር፣ ካምቦ ለካምቦ ነው የሚቀባበሉት» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እንባዬ መጣ። የኔ ኳርቴት በገበሬ ስልክ ላይ። ከፍቶ አሰማኝ። የእናኑ ድምፅ ነው። ቫዮሊን የለ፣ ቪዮላ የለ፣ ቼሎ የለ። ባዶ ድምፅ።

«አውታሮቹስ?»

«ያንን የሚያፏጨውን አንሳልን አሉኝ፤ ኸላስ፣ አነሳሁላቸው። ያልተቀናበረውን ቅጂ ኮምፒውተሬ ላይ ትተሽው አልነበር?»

የሻይ ብርጭቆውን አንስቼ ግድግዳው ላይ ፈረከስኩት። ፍንጣሪው ቅንድቡን ቆረጠው። ደሙን እየጠረገ እንኳ መሳቁን አላቆመም፤ «ያኽቲ፣ ሃያሲ በዛብሽ» አለኝ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። የስንት ወር ሥራዬን እንደ ዶሮ ነጭቶ ይሸጣል፣ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ?

ጥቅምት 5

አያ ስንሻው ከኡም ጋርጉር መጡ። አገሩ ሁሉ ሽማግሌ አድርጎ የሚቀበላቸው ሰው ናቸው። አክስቴ ደጅ ካለው የሳር ዳስ፣ ረኩባው ስር ወንበር አወጣችላቸው፤ የሰጠቻቸውን ውኃ ግን አልጠጡም። ሳይጠጡ የሚቀመጡ ሽማግሌ ሊከሱ እንደመጡ አውቃለሁ።

«ልጄ፣ በግንቦት ያስታረቅነውን ሰምተሻል?» አሉኝ።

ሰምቻለሁ ለማለት ያህል ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን ከሥሩ ነገሩኝ። ጋረደው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ወደቀ። ካህን መሀል ገባ። የሟች ታናሽ ወንድም አስናቀው ደሙን ተወ። እናኑም ማለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇን ታልቅስ እንጂ የጋረደውን ስም በሙሾ ላታነሳ። እርቅ ከወረደ በኋላ የገዳይን ስም በሙሾ ያነሳ ሰው ደሙን አዲስ አደረገው ማለት ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። እዚህ ተወልጄ ካርቱም ያደግኩ ሰው ከየት አውቀዋለሁ?

አያ ስንሻው ስንኙን በቀስታ፣ ያለ ዜማ አሉት፦

«ያረጋልን ጥሎ ጋረደው ይውላል፣
አስናቀው ከሴት ጋር ጥጡን ይፈትላል።»

«ይህን በየካምቦው ወንዱ ሁሉ ይሰማዋል። የካቲት የተባለ መሆኑን ማን ያውቃል? የትናንት ይመስለዋል። የጋረደው ወገን መሐላው ፈርሷል ይላል። እናኑ ብትምል ድምጿ ራሱ ይመሰክርባታል። ስለዚህ አንቺ ተናገሪ። በራስሽ አንደበት ስልክ ላይ ቅጂው። ከእርቁ በፊት፣ በለቅሶው ቀን፣ እናኑ ሳታውቅ እኔ ቀዳሁት በይ። እኔ በየካምቦው አደርሰዋለሁ። ከዚያም የተሰቀለውን ሁሉ አውርጂ።»

አስብበታለሁ አልኳቸው።

«የሚታሰብ ምን አለው?» አሉ። አክስቴ መሬት መሬቱን ታያለች።

ያው ማታ

የሚታሰብ ነገር አለው። «እናኑ ሳታውቅ» ብል ፕሮግራሙ ላይ ያለው ውሸት ሊሆን ነው። ውሸት አይደለም፣ ግን ውሸት ይመስላል። የሃምቡርጉ ኦርኬስትራ ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሥራ የሚያስጽፈውን ሰው በዚህ ወር ይመርጣል፤ ከቀረቡት አንዷ እኔ ነኝ። ቪዛውም፣ ማረፊያውም፣ ከዚህ ከተማ መውጫውም እሱ ነው። ምርጫው እስኪያልቅ ብቻ ልቆይ። ሰሊጡም እስከዚያ ታጭዶ ሰዉ ይበተናል።

ጥቅምት 7

ድሮን። ጎህ ሳይቀድ። መጀመሪያ ከሩቅ እንደ ጥርስ መሰርሰሪያ፣ ከዚያ ከራሳችን በላይ፣ ከዚያ ፍንዳታ። የመስኮቱ መስተዋት አልጋዬ ላይ ረገፈ። ከጎረቤት አንድ ሰው እግሩ ከጉልበቱ በታች ቀርቶ በጋሪ ሲወሰድ አየሁ፤ እግሩን ሌላ ሰው በጨርቅ ጠቅልሎ ከኋላ ይሮጣል። አክስቴ ከአልጋ ስር አልወጣ ብላ ጎትቼ አወጣኋት። አሁንም የደም ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

የድሮኑ ድምፅ ከሲ ኖታ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቪዮላ ታወጣዋለች።

ጥቅምት 9

ሁለተኛ ግምገማ፣ ከሌላ ጋዜጣ፦ «አቀናባሪዋ ከሴትየዋ አፍ ጀርባ ተደብቃለች። ድምፁን አውጥታችሁ የቀረውን ስሙ፤ የሚቀረው የቤት ዕቃ ሲገፋ የሚሰማው ጩኸት ነው።»

እዚያ ድምፁን አውጡ ይላሉ፣ እዚህ አውታሩን አውጡ ይላሉ። ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነኝ? ይህን ሰው አግኝቼ የቼሎ ቀስት ጉሮሮው ውስጥ ብከትለት ደስታዬ ነው። ቀኑን ሙሉ መልስ ስጽፍና ስሰርዝ ዋልኩ። አያ ስንሻው ሁለቴ ደውለው ነበር፤ አላነሳሁም።

ጥቅምት 11

ሁዜይፋን ሰበሩት።

የጋረደው ዘመዶች ናቸው። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ገቡ፤ ኮምፒውተሩን በመጥረቢያ ፈለጡት። ከዚያ ያሰራጨኸው አንተ ነህ ብለው የግራ እጁን የሱቁ የብረት በር ውስጥ አግብተው ዘጉበት። ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉበት። ገበያው ቆሞ ያያል።

ሆስፒታል ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ተኝቷል። ጣቶቹ የሱ አይመስሉም፤ አንዱ ወደ ኋላ ዞሯል። እኔን ሲያይ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ቫዮሊኔን ከሸጥኩት ቆየሁ» አለኝ። ቀጥሎ ግን፣ «ትሁት፣ ተናገሪ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ያሉሽን ተናገሪና ይብቃ። እነዚህ ሰዎች ወደኔ የመጡት እሱን ስላላገኙት ነው» አለኝ።

እሱ ማለት አስናቀው ነው።

ድምፁን የቆረጠው ሁዜይፋ ነው። የሸጠውም እሱ ነው። እኔ ቁረጥ አላልኩትም። ይህን ለማንም መናገር እችላለሁ። በኳርቴቱ አራተኛ ክፍል የመጀመሪያውን ቫዮሊን ስጽፍ ግን በልቤ የሱን ጣቶች እያየሁ ነበር የጻፍኩት፤ ይህንን ለራሱ አልነገርኩትም።

ጥቅምት 13

አስናቀው መጣ። በሩ ላይ ሳየው ሊገድለኝ የመጣ መሰለኝና ወደ ማጀት ሮጥኩ። አክስቴ ናት ያስገባችው። ቀጭን፣ አንገቱ ረጅም፣ የሰሊጥ ሙጫ እጁን ያጠቆረው። ከኔ ዐይን ዐይኑን ይሸሻል፤ ያፈረ እሱ ነበር።

«እታለም፣ ሳላስፈቅድ መጣሁ» አለ።

የካምቦውን ነገር ጠየቅኩት። እየተንተባተበ ነገረኝ። ማታ ማታ ስልኩን ከፍተው የእናቱን ድምፅ ያሰሙታል። ከትናንት በስቲያ ከሥራ ሲመለስ መኝታው ላይ ጥጥና እንዝርት ተቀምጦ አገኘ። ያስቀመጠውን ሰው አግኝቶ እስኪደክመው ደበደበው፤ የሰውየው ጥርስ እጁ ላይ ቀርቶ ቁስሉ መግሏል። አሳየኝ።

«እኔ ሰው መግደል አልፈልግም። አያ ስንሻው ፊት ትቻለሁ ብያለሁ፤ ትቻለሁ። ግን አልተዉኝም። ጋረደውም እኔን ፈርቶ ገጀራውን ታቅፎ ነው አሉ የሚያድር። ወደ አገሬ እንዳልገባ መተማ ያለው ዘመዱ ይበዛል። እናቴ ደግሞ እህል አልቀምስም ብላለች። እኔ አፌን መቼ ከፈትኩ እያለች ነው።»

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። «ያንቺን ልስማው። ሙሉውን።»

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። ዐይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። እናቱ ስትገባ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እኔ ፊቱን እያየሁ ነበር። ሃምቡርግ ላይ የሰው ፊት አላየሁም፤ የሰማ ሰው ፊት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ይሄ ወፍራሙ ምንድነው?»

«ቼሎ ይባላል።»

«እሱ ደህና ነው። እናቴን አያቋርጣትም፤ እንደ ሰው አጠገቧ ይቀመጣል። ቀጫጮቹ ግን ይቸኩላሉ። ለቅሶ ቤት እንደዚያ የሚቸኩል የለም።»

ልክ ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ይቸኩላሉ። እስከ ዛሬ አንድም ሃያሲ ያላየው ስህተት ነው።

ማዳመጫውን አውልቆ በሁለት እጁ መለሰልኝ። «አሁን ተናገሪልኝ፣ እታለም። በለቅሶው ቀን ነው የቀዳሁት በይ። እሷ አታውቅም በይ። ይዤው ልሂድ።»

ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ዛሬ ድምፄ ልክ አይደለም አልኩት። ምን ማለት እንዳለብኝ ላስብበት፣ ሰኞ ና፣ አንተም እያለህ አብረን እንቅዳው አልኩት። ቅዳሜ ከሃምቡርግ ጋር ቀጠሮ አለኝ፤ ሰኞ ነጻ ነኝ።

«ሰኞ» አለ። አክስቴ እስከ መንገድ ሸኘችው።

ጥቅምት 15

ኔትወርክ ጠፍቷል። ከተማው ሙሉ። ሳተላይት ካለው ሆቴል መልእክት ልኬ ቀጠሮው ወደ ሰኞ ተዛወረ። ሰኞ ጠዋት ነው፤ ለአስናቀው እደርሳለሁ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ተመረጥኩ።

ሆቴሉ ውስጥ ኢንተርኔት ለማግኘት ጠዋት ተሰልፌ የደረሰኝ ከሰዓት ነው። አምስቱም መራጮች ስክሪኑ ላይ ተደርድረው አመሰገኑኝ። ለሙሉ ኦርኬስትራ፣ የፈለግኩትን ያህል ርዝመት። ቪዛውን እነሱ ያስጨርሳሉ። የፕሮግራም ኃላፊዋ በመጨረሻ፣ «የእናትየዋ ድምፅ በአዲሱም ሥራ ውስጥ ይኖራል? ሌላ ቅጂ አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሊኖር ይችላል አልኩ። ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው፤ የለኝም።

ቤት ስገባ አክስቴ ብቻዋን ረኩባው ስር ተቀምጣለች። አስናቀው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቀኝ ዋለ። ፉል አቀረበችለት፣ አልበላም። የመጨረሻው የጭነት መኪና ወደ ዶካ ሊወጣ ሲል ሄደ፤ ነገ የተከመረው ሰሊጥ ይራገፋል፣ ከቀረ ሥራውን ይነጥቁታል።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ሰላም በያት አለ።»

ነገ ራሴ ዶካ እሄዳለሁ። ቀድቼ ይዤለት እሄዳለሁ። አሁን ደክሞኛል።

ጥቅምት 18

አስናቀው ተገደለ።

ከመኪናው ወርዶ ወደ ካምቦው ሲገባ። ጋረደው ማሽላው ውስጥ ተደብቆ ጠበቀው። መጀመሪያ ከጀርባው፣ ሲዞር ፊቱን። አብረውት የወረዱት ሸሹ። ሲመለሱ እጁ ለብቻው ወድቆ ነበር አሉ፤ ፊቱን ሊከልል አንስቶት።

ጋረደውን ፖሊስ ይዞታል። አልሸሸም። አስናቀው በሳምንት ሁለቴ ገዳሪፍ የተመላለሰው ሽጉጥ ሊገዛ ነው፣ መሐላውን ያፈረሱት እነሱ ናቸው ብሏል። የአስናቀውን ሬሳ ሲፈትሹ ኪሱ ውስጥ ቢላ እንኳ አልነበረም።

እኔ ነኝ ሰኞ ና ያልኩት።

ስልኬን ከፍቼ ተናገርኩ። ትሁት እባላለሁ፣ በለቅሶው ቀን፣ ከእርቁ በፊት፣ እናኑ ሳታውቅ ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ የቀዳሁት እኔ ነኝ አልኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የትንፋሽ ያህል ጊዜ ነው የፈጀው። ኔትወርኩ ሲመለስ ለአያ ስንሻው ላክሁላቸው። እንደሰሙት ምልክቱ መጣ። መልስ አልመጣም።

ለሃምቡርግም መጻፍ አለብኝ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩት። አልላክሁትም።

ጥቅምት 20

ዶካ ሄድን። አክስቴ አትምጪ አለችኝ፤ አልቀርም አልኳት። ስልኬን ገዳሪፍ ትቼ ነው የሄድኩት።

የለቅሶው ድንኳን ሞልቷል። እናኑ መሀል ላይ፣ በየካቲት የተቀመጠችበት ቦታ ተቀምጣለች። ግማሽ ሆናለች። ደረቷ የተቧጨረ ነው፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። ዐይኗ ደረቅ ነው። ስገባ ሴቶቹ ዝም አሉ። አንዷ ጀምራው የነበረውን ስንኝ እኩሌታው ላይ ተወችው። ከአክስቴ ኋላ ተቀመጥኩ። ሁሉም የሚያዩት ፊቴን ሳይሆን ነጠላዬን ነው። ነጠላዬን ገልጬ ባዶ እጄን አሳየሁ። ማንም ከነጠላዬ ዐይኑን አላነሳም።

እንዲያ ዝም ብለን ብዙ ተቀመጥን። የሁለተኛ ልጇ ለቅሶ ነው፣ አንድም ሰው አያለቅስም። ውጭ ወንዶቹ ሲያጉረመርሙ ይሰማል። እናኑ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ አገጯ ላይ ደም ወርዷል። ለማልቀስ እንደፈለገችና እንደያዘችው ገባኝ፤ በምን ምክንያት እንደያዘችውም ገባኝ።

አክስቴ ወደኔ ሳትዞር፣ በቀስታ፣ «ትሁት፣ ውጪላቸው። ያልቅሱበት» አለችኝ።

ተነሳሁ። እግሬን ለማሳለፍ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፤ እንዳይነካኝ ነው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የአክስቴ ቤት ልጅ ሆኜ እንደ ሌባ ወጣሁ። ከዶካ መናኸሪያ ያመጣን ባጃጅ፣ ረክሻው፣ ዛፍ ስር ቆሟል። ከኋላ ገብቼ ፊቴን ሸፈንኩ፤ መሞት ተመኘሁ፤ የምሬን ነው።

ያኔ እናኑ ጀመረች። የየካቲቱ አይደለም። ከታች፣ ከደረቷ፣ ድምፅ ለመሆን ገና ያልበቃ ነገር ነው የተነሳው። ሴቶቹ አልተቀበሏትም፤ ብቻዋን ተዉአት። ሁለት ጊዜ ሊሰበር ደርሶ አልተሰበረም። ከዚያ ወዳልጠበቅኩት ቦታ ወጣ።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ በመስታወቱ አየኝ። «ነምሺ? እንሂድ?»

ሞተሩን አጥፋው፣ ትንሽ ቆይ አልኩት።